ክሌም ምን እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ

ድሬዳዋ ውስጥ በግል ባለሀብቶች ለሚሠሩ ሕንፃዎች የተፈረሙ ውሎችን በሥራዬ ምክንያት አነባለሁ። አብዛኞቹ ስለ ዋጋ፣ ስለ ማጠናቀቂያ ጊዜና ስለ መዘግየት ቅጣት በጥንቃቄ ይዘረዝራሉ፤ አንዱ ወገን ከሌላው ተጨማሪ ገንዘብ ወይም ጊዜ ይገባኛል ሲል ግን ጥያቄው ለማን፣ በምን መልክና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ ምንም አይሉም። ሳይት ላይ ሁላችንም «ክሌም» የምንለው ነገር በውሉ ላይ ስላልተተረጎመ፣ በቃል የተሰማ ቅሬታ፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ አስተያየትና በደብዳቤ የቀረበ የክፍያ ጥያቄ እኩል ክብደት ያገኛሉ፤ አለመግባባት ሲነሣም እያንዳንዱ ወገን የሚመቸውን ይመዝዛል።

በዚህ ረገድ ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ለግንባታ ሥራ ያዘጋጀው መደበኛ ውል፣ ማለትም «ቀይ መጽሐፍ»፣ የሄደበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ እትም ክሌም ለሚለው ቃል ትርጉም አልሰጠም፤ ሥርዓቱን ብቻ ደነገገ። የ2017ቱ ግን ቃሉን ከትርጓሜዎቹ መካከል አስገባው፤ ይዘቱም በአጭሩ አንዱ ተዋዋይ ወገን በውሉ አንቀጾች መሠረት ወይም ከውሉና ከሥራው አፈጻጸም ጋር በተያያዘ ይገባኛል የሚለውን መብት ወይም መፍትሔ ለሌላው ወገን የሚያቀርብበት ጥያቄ ነው የሚል ነው። ክርክር ደግሞ ለብቻው ተተርጉሟል፤ የሚጀምረውም የቀረበው ክሌም በሙሉ ወይም በከፊል ውድቅ ሲደረግና ጠያቂው ውሳኔውን ሳይቀበል ሲቀር ነው። ይህ ልዩነት እኛ ዘንድ ቢታወቅ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ እንደ ጠብ መክፈቻ መታየቱ በቀረ ነበር።

በትርጉሙ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው «አንዱ ወገን» የሚለው አነጋገር ይመስለኛል። በ1999ኙ እትም ተቋራጩ ክስተቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ በ28 ቀናት ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል፤ አሠሪው ግን በተቻለ ፍጥነት እንዲያስታውቅ ብቻ ይጠበቅበት ነበር። እኔ ይህን አድልዎ ብዬዋለሁ። የ2017ቱ እትም 28ቱን ቀናት በሁለቱም ላይ ጥሎ፣ ለዝርዝር ማስረጃው 84 ቀናት ሰጠ። በከተማችን የተለመደው፣ አሠሪው ያለ አንዳች ደብዳቤ የመዘግየት ቅጣትን ከክፍያ ሰርተፊኬት ላይ መቀነሱ፣ በዚህ ትርጉም ራሱን የቻለ ክሌም ነው፤ ስለዚህም ማስታወቂያና ማስረጃ ይጠየቅበታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን በቁጥር 1772 አንዱ ወገን ውሉ አልተፈጸመም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት ሌላውን በማስጠንቀቂያ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል።

ትርጉሙ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ክሌሙ የሚያስገኘው ነገር እንደ መነሻው ይለያያልና። አሠሪው የግንባታውን ቦታ በወቅቱ ባያስረክብ፣ ተቋራጩ በፊዲክ ጊዜም ወጪም ተመጣጣኝ ትርፍም ያገኛል። ጎርፍ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው የጨረሰበትን አደጋ የማያስታውስ ድሬዳዋ ውስጥ የለም። ዛሬ በወንዙ ዳር መሠረት የሚቆፍር ተቋራጭ ጎርፍ ሲመጣ «ከአቅም በላይ ነው» ቢል፣ አማካሪ መሐንዲሱ ውል ከመግባትህ በፊት በአግባቡ ልትዘጋጅበት አትችልም ነበርን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተቋራጩ ይህን ፈተና ቢያልፍ እንኳ የተፈጥሮ አደጋ በመደበኛው የፊዲክ ውል የሚያስገኘው የጊዜ ማራዘሚያ እንጂ የወጪ ካሳ አይደለም። ብዙ ተቋራጮች ሁለቱን አንድ ላይ ጠይቀው ሁለቱንም የሚያጡት ይህን ሳይለዩ በመቅረታቸው ነው። በተጨማሪም የእኛ ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከላይ ከደጋው በመሆኑ፣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይዘንብ ሳይቱ ሊጥለቀለቅ ይችላል፤ ስለዚህ የከተማው የዝናብ መዝገብ ብቻውን ምንም ላያስረዳ ይችላል።

በማዘጋጃቸው ውሎች ላይ የክሌምን ትርጉም ለአሠሪውም ለተቋራጩም እኩል እንዲሠራ አድርጌ አስገባለሁ፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃም ቢሆን 28ቱን ቀናት አላሳጥርም፣ ምክንያቱም ጽሕፈት ቤት የሌለው አነስተኛ ተቋራጭ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለማድረስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች አንድ ንዑስ አንቀጽ አክላለሁ፦ ሥራ በቆመበት ቀን የዋሉት ሠራተኞችና ማሽኖች ቁጥር፣ ፎቶግራፉና ውኃ የተሳበበት ሰዓት በሳይት መዝገብ ይሰፍራል፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም በዚያው ቀን ይፈርምበታል፤ አልፈርምም ቢል ቅጂው በማግስቱ በደብዳቤ ይላክለታል፣ የተቀበለበት ቀንም ይመዘገባል።