የሞዘልን ወይን እንዴት እንደለመድኩት

ጥሩ ወይን መለየት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ምክር ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፦ አታብዛ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚህ ሱፐርማርኬት ብትገቡ የጣልያኑ፣ የፈረንሳዩ፣ የስፔኑ፣ የቺሊው ወይን ተደርድሯል። ሁሉንም ልቅመስ ያለ ሰው ሁሉም ይምታታበታል። ስለዚህ አንድ ዝርያና አንድ ወንዝ መረጥኩ። ዝርያው ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን፣ ወንዙ እዚሁ ጀርመን ያለው ሞዘል። እስከ ኮብሌንዝ በባቡር፣ ከዚያ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ነው። ቀምሶ መኪና መንዳት ስለሌለ ባቡሩ ግድ ነው።

ለጀማሪ ሪዝሊንግ የሚመቸው በምክንያት ነው። ሞዘል ላይ አብዛኛው የሚብላላው በብረት ታንክ ወይም 1,000 ሊትር ገደማ በሚይዝ አሮጌ በርሜል ነው። የአዲስ እንጨት ጣዕም ስለማይጫነው የመሬቱ ልዩነት ምላስ ላይ ቶሎ ይታወቃል።

መሬቱን ሳያዩ ግን ነገሩ አይገባም። ወይኑ የተተከለው ወንዙ ላይ በተደፋ ገደል ነው። አፈር ብሎ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ በስሱ እየተሰነጠቀ የሚነሳ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀን ከፀሐይ የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ለወይኑ ይመልስለታል። ብሬም የምትባል መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት የሚባለው ቦታ እስከ 65 ዲግሪ ያዘነብላል። ትራክተር አይሞክረውም፤ ለቀማው በእጅ ነው። እኔ እግሩ ሥር ቆሜ ሳየው አንድ ጠርሙስ ለምን 12 ዩሮ እንደሚሸጥ መጠየቅ አቆምኩ። እንዲያውም ረከሰብኝ።

እርሻው በትናንሽ ቤተሰቦች እጅ የቀረውም እንዲሁ አይደለም። ፈረንሳዮች በናፖሊዮን ዘመን አካባቢውን ሲይዙ የቤተ ክርስቲያንና የገዳም ወይን እርሻ ተወርሶ በጨረታ ተሸጠ። ውርስም ለልጆች እኩል ይከፋፈል ተባለ። ስለዚህ አንድ ስመ ጥር ቦታ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ነው። ዌሌነር ዞነንኡር ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ዮዶኩስ ፕሩም የተባለ ሰው እዚያ ቋጥኝ ላይ የፀሐይ ሰዓት አሠራ፤ የእርሻው ስም ከዚሁ ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ቦታ ብዙ ቤተሰብ ወይን ያወጣል፤ ጥራቱ ግን አንድ አይደለም። የቦታውን ስም ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም፤ ማን ሠራው የሚለው እኩል ይመዝናል።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ መጀመሪያ ያስፈራል። እኔ ሦስት ነገር ብቻ ነው የማየው። አንደኛ፣ ጉትስአብፉሉንግ የሚል ካለ ወይኑን ያመረተውም ያሸገውም ያው ቤት ነው። ሁለተኛ፣ የአልኮሉ መጠን። 8 በመቶ አካባቢ ከሆነ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል አልተቀየረም፣ ስለዚህ ጣፋጭ ነው። 12 ከሆነ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ነው። ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉት ደረጃዎች የሚናገሩት ፍሬው ሲለቀም ስለነበረው ብስለት ስለሆነ፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ጣፋጭነት ለማወቅ ቁጥሩ ይሻላል። ሦስተኛ፣ የቦታው ስም። ፒስፖርተር ጎልድትሮፕሸን አንድ የታወቀ እርሻ ነው። ፒስፖርተር ሚኬልስበርግ ግን የብዙ መንደር እርሻ በአንድ ስም የተጠቀለለበት ነው። ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይመስላሉ፣ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ገበሬዎቹ ቤት ነው። ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል፤ በለቀማ ወቅት፣ በመስከረምና በጥቅምት ግን ባይሞክሩት ይሻላል። ሌላው መንገድ ሽትራውስቪርትሻፍት ነው፤ ገበሬው የራሱን ወይን ከቀላል ምግብ ጋር የሚሸጥበት ቤት። ሕጉ በዓመት ከ4 ወር በላይ እንዲከፈት አይፈቅድም፣ መቀመጫውም ከ40 አይበልጥም። ክፍት መሆኑ የሚታወቀው በሩ ላይ በሚሰቀል መጥረጊያ ወይም ቅጠል ነው፤ እኛ ጋ ጠላ ቤት ጣሳ በእንጨት እንደሚሰቅለው።

እዚያ ስቀመጥ ጥያቄዬ ሁሌ ያው ነው፦ የአንድ ዓመት ወይን ከሁለት የተለያየ ቦታ ጎን ለጎን ቅዱልኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቦታ፣ ሁለት ዓመት። እ.ኤ.አ. 2018 ሞቃት ዓመት ነበር፤ ወይኑ የበሰለ ኮክ ይላል። 2021 ቀዝቃዛ ነበር፤ ሎሚው ጥርስ ያነቃል። ከማንኛውም ኮርስ የበለጠ ያስተማረኝ ይሄ ነው። ገበሬዎቹ ራሳቸው ስለ ጣዕም ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ በረዶ፣ ስለ ውርጭ፣ ፍሬውን ስለሚጨርስባቸው የጫካ አሳማ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ወሬው ይገባዋል።

የቀመሱትን መትፋት ለእኛ ይከብዳል። እናት የሚሆኑ ሴትዮ በእጃቸው ቀድተውላችሁ ፊታቸው መትፋት! ግን እነሱ ጋ ነውር አይደለም፣ ማሰሮም ይቀርባል። ከአራተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉም ወይን ጥሩ ስለሚሆን ልመዱት።

ማስታወሻ ስይዝ የመጽሐፍ ቃል አልዋስም። ትርንጎ፣ ማር፣ ጤና አዳም፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ ብዬ እጽፋለሁ። ዓመታት የቆየ ሪዝሊንግ ደግሞ ላምባ ላምባ ይላል። አልቀለድኩም፤ የታወቀ ጠባዩ ነው፣ የሚወዱትም ብዙ ናቸው። እኔ ትንሽ ሲሆን ነው የምወደው።

ከምግብ ጋር በተመለከተ ለዶሮ ወጥ ቀይ ወይን ማቅረቡን ትቻለሁ። በርበሬና ከፍተኛ አልኮል ሲገናኙ አፍ ይቃጠላል። ቀዝቀዝ ያለ ካቢኔት ግን አልኮሉ አነስተኛ፣ ጣፋጭነቱ ልክ ስለሆነ ያበርደዋል። ለአንዲት በዕድሜ ጠና ላሉ ጎረቤታችን ፋሲካ ላይ ቀድቼላቸው፣ «ጠጅ ትመስላለች፣ ጌሾዋ የት ሄደ?» አሉኝ። ሁለተኛውን ግን እምቢ አላሉም። ለሽሮ ደረቁ ይሻላል። ለክትፎ ገና አልወሰንኩም፤ ሚጥሚጣው ያስቸግራል።

ጠርሙሶቹን ከምድር ቤት፣ ጨለማ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ለመጠጣት ፍሪጅ ያስገባሁትን ደግሞ አውጥቼ ትንሽ አቆየዋለሁ፤ በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይጠፋል።

አሁን ወደ ዛር ወንዝ ልሻገር ነው፤ ኮንዝ ላይ ሞዘልን የሚቀላቀለው ገባር። ቦታው ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ወይኑ ስለታም ነው። ጨጓራ ያለበት ሰው ግን እኔን አይከተል፤ ፋልዝ ወደሚባለው ሌላ የጀርመን ወይን አካባቢ ይሂድ። እዚያ ሙቀቱ ደህና ስለሆነ ሪዝሊንጉ ሞላ፣ ለስለስ ያለ ነው።