ፊደሌን ጥለት ያሉኝ ቀን

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ የማይሰለቻቸው ጥያቄ፣ «ዲዛይን ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል ነው። ፎቶሾፕ እኮ እዚሁ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብለሽ ትለምጂው ነበር ይሉኛል። ፎቶሾፑንማ ለምጄው ነው የመጣሁት። የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ የምርቃት መጽሔት፣ ምኑ ቀረኝ! ዲዛይን ልማር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ መጥቼ ያቃተኝ ሌላ ነው፤ ሥራዬን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሰው ፊት መከራከር።

እኛ አገር ግምገማ ሲባል ሰው ከወንበሩ የሚነሳበት ነው። እዚህ በየሳምንቱ አለ፣ ያውም ቡና እየጠጡ። አሜሪካኖች ደግሞ ሲነቅፉ በምስጋና ጠቅልለው ነው። «ደስ ይላል» ካሉሽ ጠርጥሪ። «በጣም ደስ ይላል» ካሉሽ አለቀልሽ።

የመጀመሪያው ፕሮጀክት የመጽሔት ሽፋን ነበር። የለመድነው ኤ ፎር እዚህ ሰሚ የለውም፤ ሁሉ ነገር በኢንች ነው። 8.375 በ10.875፣ በየጠርዙ ደግሞ ለመቁረጫ 0.125 ይጨመራል። እኔ የቡና መጽሔት ፈጠርኩ። ስሙን «ቡና» ብዬ ከላይ በትልቁ ጻፍኩ። ከጀበናው የሚወጣው እንፋሎት በ«ቡ» ሁለት እግሮች መካከል ያልፋል። ራሴን በጣም ወድጄ ነበር።

መምህሩ ብዙ አዩትና፣ «ከላይ ያለው ጥለት ያምራል። የመጽሔቱ ስም ግን የት ይገባል?» አሉኝ።

ጥለት! የሐበሻ ቀሚስ መሰላቸው እንዴ? ቢሳቅ ይሻለኝ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀ። አንዷማ ጥለቱ ትንሽ ቢደበዝዝ ጥሩ ነው ብላ ቢጫ ወረቀት ለጠፈችልኝ። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ፊደል ነው ልል ከጀለኝ። ከአፌ የወጣው «ፊደል ነው» ብቻ። መምህሩም፣ «እንግዲያው ካፒታል አድርጊው» አሉ። የኛ ፊደል ካፒታል የለውም ስላቸው ጭራሽ ግራ ገባቸው።

ብዙዎቹ ስሙን በእንግሊዝኛ ቀይሪው አሉኝ። እምቢ አልኩ። «ቡ»ን ከገጹ ጠርዝ እስኪወጣ አተለቅኩት፤ ከጎኑ የእትም ቁጥር፣ ወርና ዋጋ ደረደርኩ። ሰው ፊደሉን ባያነብ ቦታውን ያውቃል። ዋጋ አጠገቡ ያለ ነገር ስም ነው። በሚቀጥለው ግምገማ ስሙ የት አለ ያለኝ የለም።

አሁን ድረ ገጽ ላይ ነኝ፤ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ የሐበሻ ምግብ ቤት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት የጋሼ ሜኑ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓይነት የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ነው። ኮፒ ሳደርገው የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ከሽሮ እስከ ዱለት እንደገና ተየብኩት። ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን እንዳይሆን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ከገጹ ጋር ጫንኩ፤ ነጻ ነው። መስመሮቹንም አራራቅኩ፣ ፊደላችን ቁመታም ስለሆነ ይጨናነቃል።

ዋናው ጭቅጭቅ ግን ባዶ ቦታ ነው። መምህሩ ገጹ ይተንፍስ ይላሉ። ጋሼ ደግሞ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ባዶ ምንድነው? ዝም ብሎ ይባክን እንዴ?» ይሉኛል። ላሊበላ ይግባ፣ አክሱም ይግባ፣ ጢስ ዓባይ ይግባ፣ አንበሳም አይቅር። ምግቡን የት ላድርገው?

ለመምጣት የምታስቡ፣ ስሙኝ። በተማሪ ቪዛ ትምህርት ላይ እያላችሁ በመደበኛው የሚፈቀደው ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ሥራ ነው። ሎጎ እየሸጥኩ እከፍላለሁ የምትሉ፣ ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። ክራክ ሶፍትዌርም እርሱት፤ ለሕጋዊው በየወሩ ይከፈላል፣ በተማሪ ቅናሽም ቢሆን ያማል። ሥራችሁን ግን ይዛችሁ ኑ። የፒያሳን የእጅ ጽሑፍ ታፔላ፣ የሚኒባስ ጥቅስ፣ የድሮ መጽሔት ሽፋን፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሱ። እዚህ ማንም የለውም። ከመምጣታችሁ በፊትም ለምን ይህን ቀለም መረጥኩ የሚለውን ጮክ ብላችሁ ማስረዳት ተለማመዱ፤ በእንግሊዝኛ፣ ለሚያቋርጣችሁ ሰው።