የበጋ ጀንበር ከዓባይ መውጫ

ከደብረ ማርቆስ በቡሬና በዳንግላ አድርጌ ባሕር ዳር ስገባ ስምንት ሰዓት አልፏል። የጀንበር መጥለቅን በታይም ላፕስ (በየጥቂት ሰከንዱ ፎቶ አንስቶ እንደ ፊልም አፍጥኖ በማሳየት) ሊቀርጽ የመጣ ሰው በቀጥታ ወደ ከተማው ሐይቅ ዳር ይሄዳል። በታኅሣሥ ግን አያዋጣም። ከተማዋ ከጣና በስተደቡብ ናት፤ ፀሐይም በዚህ ወቅት ከምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የምትገባው ከቤትና ከዛፍ ጀርባ ነው። ደንገል ሲያስር ያገኘሁት አንድ አዛውንት ታንኳ ቀዛፊ ነገሩን በአጭሩ ጨረሱት፦ «ልጄ፣ በክረምት ወደ ዘጌ ትጠጋለች፤ አሁን መግቢያዋ በሜጫ በኩል ነው። ወደ ዓባይ መውጫ ሂድ።» እውነታቸውን ነው፤ ዘጌ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ሜጫ ደግሞ ደቡብ ምዕራብ ነው። ከመውጫው፣ ማለትም ከምሥራቁ ዳር ሲያዩት በካሜራውና በፀሐይዋ መካከል ሰፊ ውኃ ይገባል።

ዳርቻው ረግረግ ነው። የትራይፖዱ (የካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) እግር ቀስ እያለ ይሰምጥና ፊልሙ ላይ አድማሱ ያዘነብላል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ፣ ቦርሳውንም ከመሃል አንጠልጥሎ መሬት ማስነካት ይበቃል፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ በነፋስ እየተወዛወዘ ይብሱን ያንቀጠቅጠዋል።

ሰማዩ ጠራ ብሎ የሚደሰት ሰው ታይም ላፕስ ሠርቶ አያውቅም። ደመና ከሌለ ሰማዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ታንኳ የሚመላለስበትን መስመር ምስሉ ውስጥ አስገባለሁ። ለታንኳ የ4 ሰከንድ ኢንተርቫል (በፎቶና በፎቶ መካከል ያለው ጊዜ) ይበዛል፣ እየዘለለ ይታያል፤ 2 ሰከንድ ይሻላል። ከ11፡15 እስከ 12፡30 ድረስ 2,250 ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ይወጣል፤ በሰከንድ 25 ሲሄድ 90 ሰከንድ ፊልም ነው። አንዱ ጥሬ ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረው ፎቶ) 25 ሜጋባይት ከሆነ 64 ጊጋ ካርድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ታኅሣሥ መባቻ ላይ ጀንበር የምትጠልቀው በ12፡06 ገደማ፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ በ12፡27 ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ግን በአቧራና በጭስ ተሸፍና አድማሱ ላይ ሳትደርስ ትጠፋለች። ያኔ ካሜራውን ሰብስቦ የሚሄድ ሰው ዋናውን ቀለም ያጣዋል፤ ቀጥሎ ያለው 20 ደቂቃ ነው የሚያምረው። አውቶ ፎከስና የሌንሱ ማረጋጊያ ይጥፋ፤ ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) 5,500 ኬልቪን ላይ ይቆለፍ፤ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100 ይሁን። አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) በየፍሬሙ ሲዘጋ እኩል ስለማይዘጋ ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መፍትሔው ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ብርሃኑን በሻተር (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ ርዝመት) ብቻ መቆጣጠር ነው፤ ጨለማው በገፋ ቁጥር በሲሶ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) እያዘገዩ።

ሲመሽ ከደንገሉ አጠገብ አይቆይም፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣበት ሰዓት ነው።

በጀልባ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት የሚሻገር ሰው የመጠበቂያውንም ዋጋ አስቀድሞ ይቁረጥ። እኔን ያሻገረኝ «የጨለማ መመለሻ ሌላ ሒሳብ ነው» ብሎ እጥፍ ጠየቀኝ። ማርቆስ ቢሆን ሽማግሌ አስጠራ ነበር፤ እዚያ ግን ሌላ ጀልባ የለም፤ ከፈልኩ።