ምን አጠፋ?

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ በጉሊቱ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ከክፍሌ ልጆች የአንዱ እናት እዚያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ገና ከሩቅ ስታየኝ ከዱካዋ ብድግ አለች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና "ምን አጠፋ ቲቸር?" አለችኝ። ሰላምታ እንኳን አልተለዋወጥንም።

"ኧረ ምንም አላጠፋም። ማካፈል ገባው። እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

ዝም ብላ አየችኝ። "ለዚህ ብለው ነው?"

ቤቴ ከገባሁ በኋላም ያ "ምን አጠፋ?" ከጆሮዬ አልወጣም። በእሷ አልፈርድም። ያስለመድናቸው እኛ ነን። ልጁ ሲደባደብ ወይም ሲያረፍድ "ነገ ወላጅ ሳትይዝ ክፍል እንዳትገባ" እንላለን። ወላጅ የሚባለው ቃል ራሱ ለልጆቹ ማስፈራሪያ ሆኗል። ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ህብረት አለ። እኔ ባየሁት ግን ስብሰባው ዞሮ ዞሮ መዋጮ ላይ ያልቃል። የሚጠራውም በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የጉሊት ነጋዴ ዕቃዋን ለማን ትታ ትምጣ?

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የመገናኛ ደብተሩ ነው። ከመስከረም ጀምሮ "የቤት ሥራ አልሠራም"፣ "ክትትል ይደረግ" እያልኩ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ሁልጊዜ ተፈርሞ ይመጣል። ትናንት ነገሩን ሳነሳባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትፈርመው ትልቋ ልጄ ናት" አለችኝ። አምስት ወር ሙሉ ለእናት የጻፍኩ መስሎኝ፣ ለ8ኛ ክፍል ልጅ ነበር የምጽፈው።

ቀጥላ ያለችኝ ደግሞ የበለጠ ነካኝ። "ደብተሩን ግን ማታ ማታ አየዋለሁ። ራይቱን እቆጥራለሁ። ኤክስ ከበዛ ቴሌቪዥን የለም። ካልታረመ ግን ምንም አይታየኝም።"

ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። ሲደክመኝ ከገጹ ግርጌ "ታይቷል" ብዬ ፈርሜ አልፋለሁ። ለእሷ ያ ገጽ ባዶ ነበር ማለት ነው።

የራሴ እናት ትዝ አለችኝ። እሷ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቤተሰብ ከመሠረተች በኋላ። ማታ ማታ ደብተሬን ገልጣ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ታነብ ነበር። የሳይንሱን ነገር ብዙም አይገባትም። ግን ማንም ደብተሬን ባያይልኝ፣ እሷ እንደምታየው አውቅ ስለነበር ጽሑፌን አሳምራለሁ።

እዚያው ቆመን እያወራን ልጁ መጣ። ቦርሳውን ጣል አድርጎ ቲማቲሙን አራት አራት እያደረገ መደብ ይሠራ ጀመር። "ስንት ቲማቲም ነው?" አልኩት። "36።" "ስንት መደብ ይወጣዋል?" ቀና ሳይል "ዘጠኝ" አለኝ። እናቱን አየኋት። "ማካፈሉን እኮ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት" ስላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ዛሬ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ያንኑ የቲማቲም መደብ ነው። "ከእናቱ የተማረውን ያሳየን" ብዬ እሱን አስወጣሁት። ለርዕሰ መምህራችንም የሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ እሑድ ከሰዓት ይሁን አልኩ። እናስብበት ተባልኩ። በበኩሌ በየሳምንቱ አምስት ወላጆችን በስልክም በአካልም አግኝቼ ልጃቸው የሠራውን ጥሩ ነገር ልነግራቸው ወስኛለሁ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ልጃቸውን ማታ "ዛሬ የተማርከውን አሳየኝ" እንዲሉት እነግራቸዋለሁ። ለዚህ ፊደል አያስፈልግም።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ደብተሮቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምረዋል። የእሱን መጀመሪያ አረምኩት፤ ስምንት ራይት፣ ሁለት ኤክስ። ራይቶቹን ለቆጠራ እንዲመቹ ጎላ ጎላ አድርጌያቸዋለሁ። 31ኛው ላይ ደርሻለሁ።