ራጅ የተገኘበት ክፍል

ፍራንክፈርት አክስቴ ቤት ነበር ያረፍኩት። ቩርትስቡርግ ልሄድ ነው ስላት «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አለችኝ። ራጅ የተገኘበት ክፍል አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «የአባትህን ራጅ ታስታውሳለህ?» አለች።

እንዴት እረሳዋለሁ! አባቴ ቲቢ ይዞት የተነሳውን ራጅ እናቴ እንዳይታጠፍ ብላ በቡናማ ፖስታ ከፍራሽ ስር ነበር የምታስቀምጠው። ጠያቂ ሲመጣ ታወጣውና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ሳንባው ላይ ያለችውን ነጭ ነገር በጣቷ ታሳያለች። ቶሎ በመታየቱ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ።

በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከትንሽ ነው። ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄጄ ሮንትገንሪንግ ቁጥር 8 ደረስኩ። መንገዱም ራጅን ባገኘው የፊዚክስ ሊቅ በሮንትገን ስም ነው የሚጠራው። መግቢያው ነፃ ነው።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ዊልሄልም ሮንትገን እዚህ ሆኖ አየሩ በተመጠጠ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያሳልፍ ነበር። ቱቦው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኗል፣ ክፍሉም ጨለማ ነው። ግን ራቅ ብሎ የነበረ ባሪየም ያለበት ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ማብራት ጀመረ። ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጠው ይጠፋል፣ ሲመልሰው ይበራል።

አጋጣሚው ይሄን ያህል ነው። «በአጋጣሚ አገኘው» ብለው ሲያልፉት ቅር የሚለኝም ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም በ1890 ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሳያውቁት ራጅ አንስተው ነበር፣ ፎቶው ላይ የወጣው ክብ ጥላ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ዝም ብለው አስቀመጡት። ሮንትገን ግን አላለፈውም። መኖሪያ ቤቱ እዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ሆኖ እንኳ ለሳምንታት ከዚህ ክፍል አልወጣ አለ። እንጨት፣ ወረቀት፣ ብረት እያስገባ ጨረሩ የቱን እንደሚያልፍ የቱ እንደሚያግደው ፈተነ። ምንነቱን ስላላወቀ ኤክስ አለው። ጀርመኖች ዛሬም ሮንትገን ነው የሚሉት፣ የኛ ራጅ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ዲሴምበር 22 ሚስቱን አና በርታን ጠርቶ እጇን ፎቶው በሚወጣበት ሳህን ላይ አስቀመጠችለት። ሳትነቃነቅ 15 ደቂቃ ያህል! ምስሉ ፊት ብዙ ቆምኩ። ሥጋው እንደ ጭጋግ ነው፣ አጥንቶቹ ጥርት ብለዋል፣ ቀለበቷ ጥቁር ሆኖ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰውዬው ፓተንት፣ ማለትም ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራበት የሚከለክል መብት፣ አልወሰደበትም። በ1901 ያገኘውን የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ገንዘብም ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ሐኪም ቤቶች ወዲያው የተጠቀሙበት አንድም በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማታ ለአክስቴ ፎቶውን አሳየኋት። ስልኩን አስጠግታ እጁን እያሰፋች አየችው። ከዚያ እናቴ ጋር ደወልን። ፖስታው አለ ወይ አልኳት። ፍራሹ ከተቀየረ ስንት ዓመቱ፣ ፖስታው ግን አሁንም እዚያው ነው።