ትንኝና ንብ የማይለይ መርዝ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ አንዲት እናት ግቢ ቡና ተፈልቶ ስለ ፀረ ተባይ ስናወራ ዋልን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከደንገጎ የመጣ ጫት አምራች፣ አንድ ንብ አናቢ አባትና የሰፈር ወጣቶች ነበርን። ደስ ያለኝ ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ መምጣቱ ነው።

ንብ አናቢው አባት "አበባ ላይ ጠዋት ከተረጨ፣ ማታ ቀፎዬ ደጃፍ የሞተ ንብ እጠርጋለሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ፍሊት ውስጥ በብዛት ያለው ፓይሬትሮይድ የሚባል መርዝ ትንኝና ንብ አይለይም። ዓሣም ይገድላል። ታዲያ የተረፈውን ደቻቱ ወንዝ ላይ ስንደፋ ጎርፉ ወዴት የሚወስደው ይመስለናል?

ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይም ተነሳ። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ጫት አምራቹ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ "ከተረጨ በኋላ ጫቱን ለመቁረጥ ስንት ቀን ልጠብቅ?" ብሎ ጠየቀ። የቀኑ ምርጥ ጥያቄ እሱ ነበር! እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ግን በማያነበው ቋንቋ ከሆነ ምን ይጠቅመዋል?

ለድሬ ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ብዙ መርዝ ተለማምዳለች። የምትራባው በየቤታችን በርሜልና ታንከር ነው። በርሜል መክደን ንብ አይገድልም።

ቀጣዩን በኦሮምኛና በሶማልኛም እናደርጋለን። ሳቢያን አካባቢ ግቢ የምትሰጡን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቡናው ከእኛ ነው።