ክዳኑ የሌለው ካሜራ
ዛሬ ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ ሻጭ የላይካ ኤም 11 ካሜራን ማንሻ ገፋ አድርጎ ባትሪውን አወጣና፣ «አዩ፣ የሥር ክዳን መፍታት ቀረ» አለኝ። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የቀድሞው ሞዴል፣ በኤም 10 ካሜራዬ፣ ባትሪ በቀየርኩ ቁጥር ያንን ክዳን ከንፈሬ መካከል ስለምይዘው፣ ጥቁሩ ቀለም ከጠርዙ ተልጦ ቢጫው ናስ ብቅ ብሏል።

ከ24 ወደ 60 ሜጋፒክስል መሻገር፣ 64 ጊጋባይት የውስጥ ማከማቻም ተጨምሮበት፣ በእርግጥ ያጓጓል። ሆኖም ዓይኔን የኤም 11 መመልከቻ ላይ አሳርፌ፣ ለማጥራት ስል የርቀት መለኪያው የሚያሳያቸው የአንዱ ነገር ሁለት ምስሎች ተቀራርበው አንድ እስኪሆኑ ድረስ የሌንሱን ቀለበት ቀስ ብዬ ሳዞር ያየሁት፣ በየቀኑ የማየውን ያንኑ ነበር፤ የመመልከቻው የማጉላት መጠን እንኳ ያው 0.73 ነው። የእኔው ካሜራ የርቀት መለኪያ በጥቂቱ ተዛንፎ ስለ ነበር፣ እንዲስተካከልልኝ እዚያው ሰጥቼው ወጣሁ።